የእትዬ ፋናዬ አብራሪዎች

እትዬ ፋናዬ ማረፏን የሰማሁት ሪያድ፣ ባዲዓ ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ክሊኒክ በር ላይ ጥርስ ላስረክብ ቆሜ ነው። የእህቷ ልጅ ከደብረ ዘይት በድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «አክስቴ ትናንት አረፈች። ስልኳ ውስጥ ‹ሰይድ መኪና› የሚል ስም አግኝቼ ነው የምነግርህ» ትላለች። ልጅቷ ማን እንደሆንኩ አታውቅም፤ ታክሲ ነጂ መስያት ይሆናል። ደግሜ ሰማሁት። ጥርሱን ለእንግዳ ተቀባይዋ ሰጥቼ፣ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ዳሽቦርዴ ላይ ሬዚን የሚባለው የጥርስ መሥሪያ ፕላስቲክ ያቃጠለው ነጭ ነጭ ጠባሳ አለ፤ የእሷ ሥራ ነው። ስንት ጊዜ ጮኼባት ነበር በእሱ ጠባሳ!

ጥርስ ማስረከብ ስል ግራ እንዳይገባችሁ፣ ሥራዬ ነው። ሪያድ ውስጥ ለገንዘብ ሰው ጭኜ አላውቅም፤ የምጭነው ጥርስ ነው። ሐኪሞቹ የበሽተኛውን አፍ ልክ አንስተው በሣጥን ይሰጡኛል፣ ላብራቶሪ አደርሳለሁ፣ እዚያ ጥርሱ ይሠራል፣ እኔ ደግሞ መልሼ ወደ ክሊኒኩ እወስዳለሁ። እትዬ ፋናዬ የላብራቶሪያችን ጥርስ ሠሪ ነበረች። አጭር፣ ቀጭን፣ መነጽሯን ዓይኗ ላይ ሳይሆን ግንባሯ ላይ የምታደርግ፣ ሁልጊዜ ሰም ሰም የምትሸት ሴት። ዕድሜዋ ለአንቱታ ይበቃ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን «እንደምን አደሩ» ስላት አፏን ከፍታ አሳየችኝና «አንቱ የሚባለው ጥርሱ ያለቀ ነው፤ የእኔን ቁጠርና ንገረኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አንቺ አልኳት።

የጄቶቹ ጉዳይ የተጀመረው በጭንቅላት ነው። አንድ ቀን ከክሊኒክ የተቀበልኩትን ሣጥን ላብራቶሪ ውስጥ ስከፍት ከጥርሶቹ መሃል የሰው ጭንቅላት አገኘሁ። አዑዙ ቢላህ! የዶሮ እንቁላል የምታክል፣ ሄልሜት ያደረገች፣ ከአንገቷ የተሰበረች ጭንቅላት። ሣጥኑን ጥዬው ነበር። እትዬ ፋናዬ ግን አነሳቻት፣ ጣቷ ላይ ሰክታ ወደ መብራቱ አዞረቻትና «ማነው እሱ?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ!»

«ሬዚን ነው። የእኛው ዕቃ ነው» አለች፣ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ደስ ብሏት።

ነገሩን ስናጣራ ባለቤቱ ናይፍ የሚባል የሳዑዲ መሐንዲስ ነው። ጥርሱን ሊታከም ሄዶ ሐኪሙን «ጥርስ የምትሠሩበት ነገር ይህን አይጠግንልኝም?» ብሎ ጠይቆ ኖሯል። ሰውዬው ትልልቅ የሞዴል ጄት ይሠራል። ሞዴል ሲባል የልጅ መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። ከአልጋዬ የሚረዝም፣ እውነተኛ የጄት ሞተር ያለው፣ ኬሮሲን የሚጠጣ፣ ጎማውን አጥፎ የሚነሳ ነገር ነው፤ ባለቤቱ መሬት ላይ ቆሞ በሪሞት ያበረዋል። ሲነሳ ጆሮ ይሰነጥቃል። ከነመስታወቱ ኮክፒት አለው፣ ኮክፒቱ ውስጥ ወንበር አለ፣ ወንበሩ ላይ ደግሞ ከሬዚን የተሠራ አብራሪ ይቀመጣል።

እትዬ ፋናዬ አንገቱን አጣብቃ ላከችለት። ናይፍ ከጥቂት ቀን በኋላ በእግሩ መጣ። ላብራቶሪው በር ላይ ቆሞ «ጭንቅላቱን የጠገነው ማነው?» አለ። ሊጣላ መስሎኝ ነበር። «እኔ ነኝ» አለች። «ምን አድርገሽው ነው? ጋራዡ በገባሁ ቁጥር ሰላም ልለው ይዳዳኛል» አላት። ያደረገችው ትንሽ ነገር ነው። ስታጣብቀው አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋዋለች።

ከዚያ በኋላ የናይፍ ጓደኞችም መጡ። ከውጭ የሚገዟቸውን አብራሪዎች ያመጡላታል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የተቀመጡ። እሷ ታያቸውና ትናደዳለች። «ይሄ አብራሪ ነው? ኢቃማ ሊያሳድስ ወረፋ የያዘ ሰው ነው እንጂ!» ኢቃማ ያው የመኖሪያ ፈቃዳችን ነው። ደግሞ አብዛኞቹ ቁመታቸው ስለሚበዛ መስታወቱ አይዘጋም። ያኔ ትንሿን መጋዝ ታነሳና ቂጣቸውን ትቆርጣለች። እኔ ስስቅ «ምን ያስቅሃል? ራሱን ልቁረጠው? ከታች ማን ያየዋል?» ትለኛለች። ውስጣቸውን በጥርስ መሰርሰሪያ ትቦረቡረዋለች፤ ከበዱ ማለት የጄቱ አፍንጫ ይደፋል ማለት ነው። ሙዲሩም፣ አለቃችን፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ እስከሆነ ድረስ ግድ አልነበረውም።

ለመጣ ሰው ሁሉ የምታቀርበው ጥያቄ ያው ነው፤ «ማነው እሱ?» ሰዎቹ ግራ ይገባቸዋል። «አብራሪ ነዋ» ይላሉ። «አብራሪነቱንማ አየሁት። ምን ዓይነት ሰው ነው? ችኩል ነው? ወገቡን ያመዋል? ከሚስቱ ተጣልቶ ነው የወጣው?» በዚያች የገበያ አረብኛዋ እንዲህ እያለች ስታፋጥጣቸው ትልልቅ ሰዎች ልጅ ይሆናሉ። በመጨረሻ ግን ሁሉም አንድ ሰው ይነግሯታል። አንዱ ወንድሙን፣ አንዱ የድሮ አለቃውን፣ አንዱ ራሱን።

የአሠራሯ ጉድ ደግሞ የእኔ መኪና ነው። አንድ ሐምሌ ቀትር ላይ አንድ አብራሪ በፎጣ ጠቅልላ መጣችና «ሰይድዬ፣ ይህን ሰውዬ ፀሐይ አስመታልኝ» አለች። ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠችው፣ መኪናውን ዘጋን፣ ሄድን። ስንመለስ መሪው እጅ ይልጣል። እሷ ጓንቷን አጥልቃ ገባች፣ እኔንም ግባ አለችኝ፤ በር መክፈት፣ መስኮት ማውረድ፣ ኤሲ ማብራት ክልክል ነው! ሬዚኑ በሙቀቱ ለስልሶ ነበር። ሁለት ጣቷን ከአንገቱ ሥር አስገብታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ እያለች ታዞረዋለች። ትከሻውን ትጫነዋለች። እኔ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ «እትዬ፣ በአላህ፣ ልሙት እንዴ?» እላለሁ። «ቆይ፣ ሊያዳምጠኝ ነው» ትላለች። ከዚያ ድንገት «አሁን! ኤሲውን ልቀቀው!» ብላ ትጮሃለች። ቀዝቃዛው አየር ሲነካው ሰውዬው እንደተቀመጠ ይደርቃል። ላብራቶሪ ውስጥ ምድጃ አለ፣ የፈላ ውኃ አለ። ለምን መኪናዬን ታቃጥያለሽ ስላት «ምድጃ ይቸኩላል። ውኃ ላዩን ብቻ ነው የሚያሞቅ። የሪያድ ፀሐይ ግን እስከ አጥንቱ ትገባለች» አለችኝ።

እኔ አብረቅራቂ ሥራ አይቼ የምደነቅ ሰው አይደለሁም። ዐዚዚያ፣ የምኖርበት ሰፈር፣ በእጁ ተአምር የሚሠራ ሞልቷል። እትዬ ፋናዬን እንድፈራት ያደረገኝ ሌላ ነገር ነው። ማታ ማታ ወደ ቤቷ ስወስዳት መብራት ላይ ስንቆም አጠገባችን ያሉትን ሾፌሮች ታያለች። ፊታቸውን አይደለም፣ ትከሻቸውን ነው። «ያ ሰውዬ ተጣልቷል። ያኛው ደስ የሚል ስልክ ደውለውለታል። ይሄኛው እንቅልፉ መጥቷል፣ ራቅ በልለት።» ቀልድ እየመሰለኝ እስቅ ነበር።

አንድ ቀን ቤንዚን ልቀዳ ቆምኩ። ማደያው ግድግዳ ጥግ አንድ የእኛ አገር ሰው፣ የግንባታ ልብስ የለበሰ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ፊቱ አይታይም። አያለቅስም፣ አይንቀሳቀስም፤ ስልክ እንኳ በእጁ የለም። እትዬ ፋናዬ ቀበቶዋን ፈታች። «ሰው ሞቶበታል» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

ሄዳ ከኋላው ቆመችና እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። «ወንድሜ፣ ማን ነው?» ስትለው በጆሮዬ ሰማሁ። ሰውዬው ዞሮ እንኳ አላያትም፣ «አባቴ» አለና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። የሚነግረው ሰው አጥቶ ከሥራ ቦታው ወጥቶ ነው ለካ። አብራው አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እኔም ቤንዚኑን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። ያን ዕለት ነው ይህች ሴት የተለየች ናት ብዬ የተቀበልኩት።

አሁን ወደ ናይፍ አባት ልምጣ።

የናይፍ አባት የጦር አብራሪ ነበር። ናይፍ ትንሽ ልጅ ሳለ ለልምምድ እንደወጣ ከነአውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ። ናይፍ ታዲያ አድጎ፣ መሐንዲስ ሆኖ፣ አባቱ ይነዳው የነበረውን ጄት በትልቁ መሥራት ጀመረ። ዓመታት ፈጅቶበታል። ጋራዡ ውስጥ አይቼዋለሁ፤ የምስማሩ ራስ እንኳ አልቀረም። ሲያልቅ ወደ እትዬ ፋናዬ መጣ። «ውስጡ አባቴን ነው የምፈልገው» አላት። «እናቴ ፊት ያለው ምስል አትወድም፣ ስለዚህ የሄልሜቱ ጥቁር መስታወት የወረደ፣ የኦክስጅን ጭምብሉም የተሸፈነ ይሁን። ፊት አያስፈልገውም።»

«ጥሩ። ማነው እሱ?»

«አላስታውሰውም» አለ ናይፍ። ያ ግዙፍ ሰውዬ አንገቱን ደፋ። «እናቴ ስለ እሱ አታወራም። ስሙን ጠርታ አታውቅም።»

«እንግዲያው እናትህ ዘንድ ውሰደኝ።»

ልብ በሉልኝ፤ ከናይፍ ጓደኞች መካከል ጎበዝ ጎበዝ ሠሪዎች አሉ። ግን ከእነሱ አንዱም የናይፍ እናት ፊት ቀርቦ «ባልሽ እንዴት ነበር የሚቀመጠው?» ብሎ መጠየቅ አይችልም። የሴቶች መጅሊስ፣ እንግዳ መቀበያቸው ማለት ነው፣ የሚገባ ሴት ብቻ ነው። እኔም በር ላይ መኪናዬ ውስጥ ነው የምቀረው።

ብዙ ቀን ተመላለስን። ኡሙ ናይፍ፣ የናይፍ እናት፣ ሻይ ትሰጣታለች፣ ቴምር ትሰጣታለች፣ ስለ ባሏ አንዲት ቃል የለም። እትዬ ፋናዬም አልጠየቀችም። ስለ ጥርሷ አወሩ፣ ስለ ስኳር በሽታዋ አወሩ፤ ስኳሩ ዓይኗን ስላደከመው ሰው የምትለየው በድምፅና በእጅ ነው። በመጨረሻ አንድ ቀን እትዬ ፋናዬ «እናቴ፣ በቃል ብትነግሪኝም አይገባኝም። እኔን እንደ እሱ አድርገሽ አስቀምጪኝ» ብላ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለችላት። ኡሙ ናይፍ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች አሉ። ከዚያ ተነስታ መጣችና በሁለት እጇ ትከሻዋን ያዘች።

እኔ የማውቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። እትዬ ፋናዬ ከበሩ ስትወጣ አካሄዷ ሌላ ሆነብኝ። ቀኝ ትከሻዋ ወርዷል፣ አንገቷ ወደ ፊት ሾል ብሏል፣ አገጯ ደረቷ ላይ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል።

«እትዬ! ምነው? ወደቅሽ እንዴ?»

«ዝም በል። ይዤው ነው የወጣሁት። ይፈርስብኛል።»

በሩን ከፈትኩላት፤ እንደዚያው ሆና ተቀመጠች። ቀበቶ ላስራት እጄን ስሰድ «አትንካኝ!» ብላ ጮኸች። ካሜራ ቢያነሳን ቅጣቱ የእኔ ነው ስላት «ይቅጡህ» አለችኝ። ያን መንገድ መቼም አልረሳውም። የሪያድን ትራፊክ ታውቁታላችሁ፤ እየቆምን፣ እየተንቀሳቀስን፣ እሷ ዓይኗን ሳትነቅል። ከጎኔ የተቀመጠችው እትዬ ፋናዬ ናት፣ ሽታዋ እንኳ ያው የሰም ሽታ ነው። ግን ወላሂ ሌላ ሰው ነበር። የማላውቀው፣ ረዥም፣ ዝምተኛ ወንድ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ወደዚያ ማየት ፈራሁ። ሬዲዮውን እንኳ አጠፋሁት። ላብራቶሪ ስንደርስ ቦርሳዋን መኪና ውስጥ ትታ፣ እንደዚያው ጎብጣ ገብታ ሰሙን አነሳች።

አብራሪውን ራሷ ከዜሮ ሠራችው። በሰም ቀረጸችው፣ ቅርፁን በሲሊኮን አነሳች፣ ሬዚን አፈሰሰችበት፣ የመጨረሻውን የአንገት ነገር ደግሞ እንደ ልማዷ ዳሽቦርዴ ላይ ጨረሰችው። ፊት የለውም። ጥቁር መስታወትና ጭምብል ብቻ። እንደዚያም ሆኖ ባየው ቁጥር ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ መኪናዬ ውስጥ ያየሁት ሰውዬ ነው።

ያስረከብነው በግቢያቸው፣ ጄቱ ባለበት ጋራዥ ፊት ለፊት ነው። ኡሙ ናይፍ በጥቁር አባያዋ ተሸፍና ወጥታ ነበር። እትዬ ፋናዬ አብራሪውን መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። አሮጊቷ ሄልሜቱን ነካች፣ አለፈችው። ትከሻውን ነካች። አውራ ጣቷ የአንገቱ ኋላ ላይ ሲደርስ እዚያው ቆመ።

«ሱልጣን» አለች።

ናይፍ ጀርባውን አዞረ። የአባቱን ስም ከእናቱ አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። እኔ ደግሞ ምን ሊያደርግልኝ እንደሆነ እንጃ፣ ጎማዬን መርገጥ ጀመርኩ።

ጥቂት ቆይቶ ናይፍ ዓይኑን ጠራርጎ እጁን ዘረጋ። «ያላ እማ፣ ስጪኝ፣ ወንበሩ ላይ ላስቀምጠው። ዓርብ እናበረዋለን።»

«ምኑን?»

«አባቴን።»

ሴትዮዋ አብራሪውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። «አይበርም» አለች።

«እማ…»

«አንዴ ወጣ። አልተመለሰም። ሁለተኛ አልሰድም።»

«እማ፣ ሬዚን እኮ ነው!»

«ሬዚን ከሆነማ አያስፈልግህም፤ ተወው።»

ናይፍ ወደ እትዬ ፋናዬ ዞረ። «ቅርፁ አለሽ አይደል? ሌላ አውጪልኝ፤ አሁኑኑ።» ይህን ቀን ለዓመታት ሲጠብቀው ኖሯል፣ ጓደኞቹን ሁሉ ጠርቷል፣ አባቴ ዓርብ ይበራል ብሎ ተናግሯል። ዓይኑ ይለምናል፣ ድምፁ ግን ያዛል። ልብ ይበላል።

እትዬ ፋናዬ ግን «ቅርፁ አለኝ። ግን ሰውዬው የእሷ ነው። እሷ እምቢ ካለች እኔ ማን ነኝ? ቅርፁንም ነገ ለእሷ አመጣላታለሁ» አለች።

«እንግዲያው ኸላስ፣ በቃ» አለ ናይፍ። «ባዶ ወንበር ይዤ አልነሳም። ጄቱን እሸጠዋለሁ።»

«ሽጠው» አለች እናቱ፤ ገባች። እሱም የጋራዡን በር ወርውሮ ዘጋው። እኛ ግቢው መሃል ቀረን።

መኪና ውስጥ እትዬ ፋናዬ አለቀሰች። «አጣላኋቸው፣ ሰይድ። ትንሽ ባበላሸው ኖሮ እኮ ዓርብ በርሮ፣ ተጨብጭቦ፣ እናትና ልጅ ተቃቅፈው ያድሩ ነበር። አሳምሬ አጣላኋቸው።» «ይታረቃሉ፣ እናትና ልጅ አይደሉ?» አልኳት፤ እኔም አላመንኩበትም።

በዚያ ሳምንት ብዙም አላናገረችኝም። ከሥራ በኋላ ትቀራለች፣ «ሂድ አንተ፣ በታክሲ እገባለሁ» ትላለች። ይባስ ብላ አንድ ቀትር ላይ አንድ ነገር በፎጣ ጠቅልላ የሌላ ሰው መኪና ዳሽቦርድ ላይ ስታስቀምጥ አየኋት። ቅር አለኝ። ስንት ዘመን በሙቀት የተጠበስኩት እኔ፣ ዛሬ ሌላ መኪና! ኩርፊያዬን ዋጥ አድርጌ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ዓርብ በጠዋት ደወለች። «ያላ ሰይድ፣ ወደ ሜዳው ውሰደኝ።» እጇ ላይ የጥርስ ሣጥን ይዛለች። ናይፍን በስልክ አግኝታው ኖሯል፤ «ወንበሩ ባዶ አይሆንም። ጄቱን አምጣ፣ እናትህንም አምጣት» ብላዋለች። እሱም ግማሽ አኩርፎ፣ ግማሽ ተስፋ አድርጎ፣ አመጣቸው።

የሚያበሩበት ሜዳ ከከተማው ወጣ ብሎ በረሃ ላይ ነው። አጭር አስፋልት፣ የጥላ ድንኳን፣ ከጣታቸው ሪሞት የማይለይ ሰዎች። ፀሐይ ገና አልበረታችም። ኡሙ ናይፍ ከሜዳው ዳር ከመኪና አልወረደችም፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጋለች፣ ሱልጣን ጭኗ ላይ ነው።

ናይፍ ከእትዬ ፋናዬ ሣጥን የወጣውን አብራሪ ወንበሩ ላይ አሰረው፣ መስታወቱን ዘጋ፤ ልክ ገባ። «ማነው ይሄ?» አለ። እሷ ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች። እኔም ጎንበስ ብዬ በመስታወቱ አየሁ።

ጥቁር መስታወት፣ ጭምብል፣ ፊት የለም። ሰውዬው ወንበሩ ላይ ቁጭ ሳይሆን ፈሰስ ብሏል። ግራ ክርኑ የኮክፒቱ ጠርዝ ላይ ነው፣ መስኮት ላይ እንደሚደገፍ ሰው። ቀኝ እጁ መሪውን አልጨበጠውም፤ አንጓውን ብቻ ላዩ ላይ ጣል አድርጎበታል። አንገቱ ትከሻው ውስጥ ገብቷል። ክሊኒክ በር ላይ ጥርስ ሲጠብቅ የሚውል ሰው አቀማመጥ ነው። መጀመሪያ ያወቀው ጀርባዬ ነው፤ እንደ ብርድ ነገር ወረረኝ። እኔ ነኝ። አላህ ምስክሬ ነው፣ እኔ ነኝ!

መጀመሪያ ፈራሁ። ቀጥሎ ደስታ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር ደረቴን ሞላው። በዚህ ከተማ ስንት ዘመን ኖሬ ሰው የሚያየው ሣጥኔን ነው፣ ፖሊስ የሚያየው ኢቃማዬን ነው። እኔን ቁጭ ብሎ ያጠናኝ ሰው አለ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ያ ሁሉ ከጎኔ ተቀምጣ የምታወራው ስለ ሌሎች ሾፌሮች ነበር፤ እኔን አታየኝም ብዬ ነበር።

አንድ ነገሩ ብቻ እኔን አይመስልም። ራሱ ወደ ግራ፣ ወደ ምዕራብ በኩል ዞሯል። እኔ ሾፌር ነኝ፣ ፊት ለፊት ነው የማየው።

«እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ወዴት ነው የሚያየው?» አልኳት።

«ራሱን ጠይቀው» አለችና ሳታየኝ ሄደች።

ሞተሩ ጮኸ። ጄቱ አስፋልቱን ጨርሶ ተነሳ፣ ጎማውን አጠፈ፣ በራሳችን ላይ ሰማዩን ቀዶት አለፈ። ሲያዘም እኔም አዘመምኩ። ሲገለበጥ ጎንበስ አልኩ። ናይፍ ሪሞቱን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ይዟል፤ አፉ «አባቴ፣ አባቴ» ይላል። እዚያ ላይ ያለው አባቱ አለመሆኑን ያውቃል፤ ግን አባቱ ያየውን ሰማይ ጄቱ አገኘለት፣ ያ በቃው። ዞሮ፣ ዝቅ ብሎ፣ ጎማውን አውርዶ፣ አስፋልቱን ሳም አድርጎ ቆመ። ሰዉ «ማሻአላህ!» እያለ አጨበጨበ።

ከመኪናዋ መስኮት የኡሙ ናይፍ ድምፅ መጣ። «ወረደ?»

«ወረደ፣ እናቴ። በሰላም ወርዷል» አለቻት እትዬ ፋናዬ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሴትዮዋ፤ ለማታውቀው ሰው። ናይፍ ሪሞቱን ለጓደኛው ሰጥቶ ወደ እናቱ ሄደ። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ የእጇን ጀርባ ሳመ፤ እሷም በዚያው እጇ አንገቱን ይዛ አስቀረችው። እኛ ፊታችንን አዞርን።

ከዚያ በኋላ እትዬ ፋናዬ ብዙ አልቆየችም። እጇ ደከመ፣ ኮንትራቷን ጨርሳ ደብረ ዘይት ገባች። ጄቱ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ጉዳይ አንድ ቀንም አላነሳንም። እኔ አፍሬ፤ እሷ ደግሞ ያለቀ ሥራ ማውራት አትወድም። ናይፍ አሁንም ዓርብ ዓርብ ያበረዋል። አንዳንዴ ሄጄ አያለሁ፤ ለማንም አልነገርኩም።

የሞቷን ዜና የሰማሁ ዕለት፣ ለቅሶዬ በረድ ሲልልኝ፣ ኮምቦልቻ ለእናቴ ደወልኩ። እናቴን ከተለየኋት ስንት ዘመን ሆነኝ፤ በወረቀት ጉዳይ ሄጄ ላያት አልቻልኩም፣ በስልክ ነው የምኖራት። እትዬ ፋናዬ መኪና ውስጥ ስትሆን አንዳንዴ ሰላም ይባባሉ ነበር፤ ስለዚህ ትስማ ብዬ ነው። «እማ፣ ያቺ አብራን የምትሠራው እትዬ ፋናዬ አረፈች» አልኳት። እማ እሪ አለች። እኔ ካለቀስኩት በላይ አለቀሰች። ተገረምኩ፤ ተያይተው አያውቁም እኮ።

«እንዴት አላለቅስ ልጄ!» አለች። «ስንቱ ያንተ አለቃ፣ ስንቱ አሠሪ፣ ወዲያ ወዲህ ሲያደርግህ አንድም ቀን እኔን የጠየቀኝ አለ? እሷ ግን ደወለችልኝ። ‹እናቴ፣ ሰይድን አውሮፕላን ላይ ላስቀምጠው ነው። በአምሳሉ ነው፣ እሱ አይነካም። ግን ካልፈቀድሽልኝ አላደርገውም› አለችኝ።»

«ምን አልሻት ታዲያ፣ እማ?»

«ምን እላታለሁ! ‹ካበረርሽው አይቀር ፊቱን ወደ እኔ አዙሪልኝ› አልኳት።»